ኢሳክ አልቤኒዝ

ኢሳክ አልቤኒዝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. በስፔን አገር፣ በካታሎኒያ፣ ካምፕሮዶን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበሩ። የልጁ የፒያኖ ተሰጥዎ የታወቀው ገና በሕፃንነቱ ስለ ነበር፣ በአራት ዓመቱ ባርሴሎና ላይ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ተጫወተ። በልጅነቱ ከቤት ጠፍቶ፣ በመርከብ ተደብቆ ወደ አሜሪካ እንደ ኰበለለ ብዙ ተወርቷል፤ ይህንንም ያወራው በአመዛኙ እርሱ ራሱ ነበር። ኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ግን በ1875 ወደ ኩባ የተሻገረው አባቱ ለሥራ ወደ ሃቫና በተዛወሩ ጊዜ ነው።

በ1876 ከስፔን ቤተ መንግሥት ድጎማ ተሰጥቶት በብራስልስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1879ም በፒያኖ አንደኛ ሽልማት አገኘ። ሆኖም በዚያን ጊዜ የሚደርሳቸው ሙዚቃዎች በየአዳራሹ ከሚሰሙት ከሌሎች አውሮፓውያን ሥራዎች ብዙም የተለዩ አልነበሩም። በ1883 የስፔንን ሕዝብ ዘፈኖች ይሰበስብ ከነበረው ከሊቁ ፌሊፔ ፔድሬል ጋር ተዋወቀ። ፔድሬል የአንድ አገር ሙዚቃ ሥሩ የሕዝቡ ዘፈን ሊሆን ይገባል ብሎ ያምን ነበር። አልቤኒዝም ምክሩን ተቀበለ።

ይሁን እንጂ የሕዝቡን ዜማ እንዳለ አልገለበጠም፤ ጠባዩን አጥንቶ በዚያው ጠባይ የራሱን ዜማ ፈጠረ። የጊታር ተጫዋች አውራ ጣቱ ዜማውን ሲያወጣ ሌሎቹ ጣቶች አንዱን ክር ደጋግመው ይነካሉ። አልቤኒዝ ይህንን ዘዴ ኋላ አስቱሪያስ ተብሎ በታወቀው ሥራው ወደ ፒያኖ አመጣው። ለፒያኖ የተደረሰው ይህ ሙዚቃ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በጊታር መሆኑ የድካሙን ፍሬ ያሳያል።

በ1890ዎቹ ኑሮውን በፓሪስ አደረገ። ኩላሊቱ ታሞ እየተሠቃየ፣ ከ1905 እስከ 1908 ኢቤሪያ የተባለውን ታላቅ ሥራውን ጻፈ። በአራት መጻሕፍት የተከፈሉት አሥራ ሁለቱ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ የደቡብ ስፔንን፣ የአንዳሉሲያን ሕይወት ይሥላሉ። በአንደኛው ክፍል የሴቪሊያ የሃይማኖት በዓል ሰልፍ ከነከበሮው ከሩቅ እየቀረበ ይመጣል፤ በሌሎቹም የጨፋሪዎች እግር ምት፣ የእጅ ጭብጨባና የጊታር ድምፅ ይሰማል። ይህን ሁሉ በአሥር ጣት ማሰማት ቀላል አይደለም፤ የተጫዋቹ ሁለት እጆች አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገሩና እየተጠላለፉ ይሠራሉ። መጻሕፍቱን በመጀመሪያ ለሕዝብ ያሰማችው ፈረንሳዊቷ ብላንሽ ሴልቫ ናት።

አልቤኒዝ በ1909 ከስፔን ወሰን አጠገብ በምትገኝ ካምቦ ሌ ባን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ በ48 ዓመቱ ዐረፈ፤ አስከሬኑም በባርሴሎና ተቀበረ። ጀምሮት የቀረውን አንድ ሥራ ወዳጁ ኤንሪኬ ግራናዶስ ፈጸመለት። በሕመም አልጋና በሰው አገር ሆኖ የጻፈው ኢቤሪያ ግን ሙሉ ሆኖ ቀርቷል፤ እስከ ዛሬም ታላላቅ የፒያኖ ተጫዋቾች ችሎታቸውን ይፈትኑበታል።