ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲሲና የማዕዱ ወፎች

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ1181 ወይም በ1182 ዓ.ም. በማዕከላዊ ኢጣሊያ፣ በኡምብርያ አውራጃ በምትገኘው በአሲሲ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፒየትሮ በርናርዶኔ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ስለ ነበር ልጅነቱን በድሎት አሳለፈ። በ1202 ዓ.ም. ከፔሩጃ ከተማ ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። በ1206 ዓ.ም. በጳጳሱ ፊት የለበሰውን ልብስ ሳይቀር ለአባቱ መልሶ ድህነትን መረጠ፤ በ1209 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ የእርሱንና የጥቂት ወንድሞቹን አኗኗር በቃል አጸደቁላቸው። ይህን አንባብያን ስለሚያውቁት አናረዝመውም።

በምእመናን ቤትና በትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎች የሚሰቀለው ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ ወፎች ከብበውት የሚያሳይ ነው። በቤቫኛ አጠገብ ለተሰበሰቡ ወፎች ስለ ፈጣሪያቸው ቸርነት መስበኩን ሕፃናት እንኳ ይተርካሉ። ወፎችን ስለ መገበ ግን ብዙ አይነገርም።

ቅዱሱ በሕይወት ሳለ ወደ ማኅበሩ የገባው ቶማስ ዘቼላኖ በጻፈው ሁለተኛው ገድል እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ፍራንቸስኮስ ከወንድሞች ጋር በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ሁለት ትናንሽ ወፎች፣ ወንድና ሴት፣ እየተመላለሱ ለጫጩቶቻቸው ፍርፋሪ ለቀሙ። እርሱም ደስ ብሎት ጥሬ ያቀርብላቸው ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን አምጥተው ለወንድሞች ያስረከቡ ያህል ትተዋቸው ሄዱ፤ ዳግመኛም አልታዩም። ጫጩቶቹ ከቤቱ ሰዎች ጋር ተላምደው በወንድሞች እጅ ላይ ያርፉ ነበር። ከመካከላቸው ትልቁ ግን ራሱ ከጠገበ በኋላ ሌሎቹን ከምግቡ ያባርር ነበር። ፍራንቸስኮስ ይህን አይቶ የዚያ ወፍ መጨረሻ እንደማያምር ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ወፉ ውሃ ሊጠጣ ማድጋ ላይ ወጥቶ ሰጠመ፤ ሬሳውንም ድመት እንኳ አልነካችውም ይላል ገድሉ።

አንዳንድ መምህራን ሕፃናትን ያስደነግጣል በማለት ይህን ክፍል ይዘሉታል። እኔ ግን መዘለል ያለበት አይመስለኝም። በቁምስናችን ግቢ ማለዳ ጥሬ ሲበተን ርግቦቹ ትናንሾቹን ወፎች እየገፉ ብቻቸውን ሊለቅሙ ሲሞክሩ ዘወትር አያለሁ፤ ጥሬው ግን ለሁሉም ይበቃ ነበር። የነጋዴ ልጅ የሆነው ፍራንቸስኮስ ጠግቦ የሚከለክልን ሰው ከገበያም ከቤትም ያውቀዋል።

ሌላ ጊዜ በሲየና አካባቢ ታሞ ሳለ አንድ መኰንን ፋጃኖ የተባለ የቆቅ ዘመድ የሆነ ወፍ ላከለት። ፍራንቸስኮስ ሊበላው አልፈለገም። ወደ ዱሩ እንዲመለስ ወደ ወይን ቦታው ቢወስዱትም ወፉ እየተመለሰ ወደ ክፍሉ ገባ። ሊጠይቀው የመጣ ሐኪም ሊያሳድገው ወሰደው፤ ወፉም ምግብ አልቀምስ ስላለ መልሶ አመጣው፤ ቅዱሱን ባየ ጊዜም በላ።

ከወፎች ሁሉ አብልጦ የሚወዳት በጣሊያንኛ አሎዶላ የምትባለውን ነበር። ላባዋ አፈር ይመስላል፤ በራሷ ላይ የመነኩሴ ቆብ የሚመስል ቁንጮ አላት፤ ምግቧንም ከመንገድ ለቅማ እየዘመረች ወደ ሰማይ ትወጣለች። ስለዚህ ፍራንቸስኮስ ንጉሠ ነገሥቱን ለማነጋገር ቢችል ኖሮ አንድ ሕግ እንዲያወጣ ሊለምነው ይመኝ ነበር፤ በልደት ዕለት እህል ያለው ሁሉ ከከተማ ውጭ በየመንገዱ ለወፎች፣ ይልቁንም ለአሎዶላዎች፣ እንዲበትን። በአገራችን ማሽላውን ለመጠበቅ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የዋለ ገበሬ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሆኖም ምኞቱ በወፎች አያበቃም። በዚያው ዕለት በሬና አህያ እጥፍ መኖ እንዲያገኙ፣ ድሆችም በባለጠጎች ማዕድ እንዲጠግቡ ይፈልግ ነበር። ወፎቹን ብቻ ነጥሎ የሚያስተምር የምኞቱን ግማሽ አስቀርቷል። በቅዱሱ የመጨረሻ ዓመታት ንጉሠ ነገሥት የነበረው ፍሬድሪክ 2ኛ ስለ ወፎች መጽሐፍ እስከ መጻፍ የደረሰ ሰው ነበር፤ መጽሐፉ ግን በጭልፊት ስለ ማደን ነው። የልደቱ ሕግ አልወጣም። ፍራንቸስኮስ ራሱ በ1223 ዓ.ም. በግሬቾ ግርግም አዘጋጅቶ፣ ድርቆሽ አስመጥቶ፣ በሬና አህያ አቁሞ የጌታን ልደት አከበረ።

በመጨረሻ ዓይኖቹ ታመው ብርሃን ሊያዩ ተሳናቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1226 ዓ.ም. ምሽት፣ በአሲሲ ሥር ባለችው በፖርሲዩንኩላ አረፈ። አሎዶላ ቀንን የምትወድ፣ ጨለማን የምትሸሽ ወፍ ናት፤ በዚያ ምሽት ግን ብዙ አሎዶላዎች እየዘመሩ በቤቱ ጣራ ላይ ሲዞሩ ወንድሞች አዩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ በሐምሌ 16 ቀን 1228 ዓ.ም. ቅድስናውን አወጁ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ በ1979 ዓ.ም. የተፈጥሮ አካባቢን ለሚንከባከቡ ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰየሙት።