ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ከብራና እስከ ሸራ

በአገራችን የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚነሣው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ አለቃ ደስታ ካህንና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለ ሙያ ነበሩ። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ ከቀለም ጋር የተዋወቀው ገና በአባቱ ቤት ሳለ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በጉለሌ በሚገኘው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ቀጥሎም በኢየሱሳውያን አባቶች ይመራ በነበረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ። ይሁን እንጂ ልቡ ወደ ሥዕል ያዘነበለ ስለ ነበር ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። በዚያም የኤክስፕሬሽኒዝምን ሥልት፣ ማለትም የሚታየውን ነገር እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ የውስጥ ስሜትን በቀለምና በቅርጽ የመግለጥን ጥበብ ቀሰመ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ሊስትሮውን፣ ችግረኛውንና የዕለት ኑሮን ሣለ። በ1963 በሠራው «ጎልጎታ» በተባለው ሥዕሉ የጌታችንን ሕማም በአዲስ አገላለጽ አቀረበ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው።

ሆኖም ሥራው ያለ ነቀፋ አልታለፈም። ቅርጹ ከተለመደው የራቀ በመሆኑ ከባዕድ የተቀዳ ነው፣ የእኛ አይደለም ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ቅዱሳት ሥዕሎቻችንን ልብ ብሎ ለተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። ጎላ ያሉት ዓይኖች፣ ከሰውነት መጠን የረዘሙት ጣቶች፣ ጥላ የሌለው የቀለም መደብ የተፈጥሮን መልክ ለመቅዳት የታሰቡ አይደሉም፤ የማይታየውን ምሥጢር የሚያመለክቱ ናቸው። የካህኑ ልጅ በሸራ ላይ ያደረገው አባቱ በብራና ላይ ካደረጉት ፈጽሞ የተለየ አልነበረም።

ገብረ ክርስቶስ ባለ ቅኔም ነበር። «ሀገሬ» የተሰኘው ግጥሙ ለትውልድ ምድሩ የነበረውን ፍቅርና ናፍቆት የሚገልጥ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በብዙዎች ቃል ይነገራል። አገሩን እንዲህ የወደደ ሰው ግን በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ተሰድዶ ወጣ። በመጨረሻም አሜሪካ ገብቶ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ በሎውተን ከተማ ኖረ። መጋቢት 1981 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በዚያው ዐረፈ።

እርሱ በሕይወት ባይመለስም ሥራው ተመልሷል። በጀርመን አገር ተጠብቀው ከቆዩት ሥዕሎቹ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው መጥተው፣ ከጉለሌ ብዙም በማይርቀው በስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጠዋል።

ወጣቶችን በሥዕል አማካይነት የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው አለ። ቀድሞ ያላየነው መልክ ሁሉ ባዕድ አይደለም። አንድን ሥዕል የእኛ አይደለም ከማለታችን በፊት ምን ሊነግረን እንደ ፈለገ በትዕግሥት ቆመን እንመልከተው። ከሥዕሉ በስተጀርባ አገሩን የሚናፍቅ ወንድማችን ቆሞ ሊሆን ይችላልና።