ዊልያም ፕሌይፌር፦ የመረጃ እጥረት የወለደው ዐምድ

ዊልያም ፕሌይፌር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1759 ዓ.ም. በስኮትላንድ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። አባቱ ስለ ሞቱ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ፣ የሒሳብ ሊቁ ጆን ነው። በኋላም በጄምስ ዋት ዘንድ በነዳፊነት ሠራ።

በ1786 ዓ.ም. ባሳተመው አትላስ ከ44ቱ ሥዕላዊ መግለጫዎች 43ቱ የብዙ ዓመታትን ንግድና ወጪ በመስመር ያሳያሉ። ስለ ስኮትላንድ ግን የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለ ነበረው መስመር መሳብ አልተቻለውም፤ ከ17 አገሮችና ግዛቶች ጋር የነበራትን ንግድ በየዐምዱ ለይቶ አቀረበ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ በእኛ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በተካሄደባት አገር ለምንሠራ ባልደረቦች ችግሩ እንግዳ አይደለም። እርሱ ራሱ ይህን ሥዕል ከመስመሮቹ አሳንሶ ይቆጥረው ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ይኸው ነው።

በ1801 ዓ.ም. ክብን ከፋፍሎ ማሳየትንም ጀመረ። ንግድ አልቀናውም፤ በ1823 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በድህነት ሲሞት ዘዴው በአገሩ ገና ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም ነበር።