ወድቆ ወደ ጣሪያው የተመለሰው ሰው

ለዛሬ ላስተዋውቃችሁ የወደድኩት ሰው ከሞተ 200 ዓመት አልፎታል፡፡ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ታሪኩን አንብቤ ስጨርስ ግን የእኛን ሙያ ሰው ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ፡፡ ስሙ ሻርል ሜሲዬ ይባላል፣ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነው፡፡ ሥነ ፈለክ ስል ታዲያ የእናት ስም ጠይቆ ዕጣ ፈንታ የሚናገረውን ኮከብ ቆጠራ ማለቴ አይደለም፡፡ ሰማዩን በመሣሪያ እያዩ፣ የታየውን ከነሰዓቱና ከነቦታው መመዝገብን ነው፡፡ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ለምን እሱን እንደመረጥኩ ልናገር፡፡ የምኖረው እዚሁ ሰንጋ ተራ፣ 40/60 ኮንዶሚኒየም ነው፡፡ ድሮ በሬ ይሸጥበት የነበረው ሰፈር ዛሬ የባንክ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ማታ ማታ የሕንጻዎቹ መብራት ሰማዩን ያነጣዋል፡፡ ክፍሌ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለች ትንሽ ቴሌስኮፕ አለችኝ፡፡ የመስታወቷ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፡፡ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝ ናት፡፡ በሷ የጁፒተርን ጨረቃዎችና የሳተርንን ቀለበት ግቢያችን ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ፡፡ ፊዚክስ ተምሬ የሰማይ ተመራማሪ እንደምሆን ያልነገርኩት ጎረቤት የለም፡፡ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ጉድ አደረገኝ፡፡ ጋዜጠኝነት ገባሁና ቴሌስኮፗን ጠቅልዬ ሰቀልኳት፡፡ ሒሳብ የማይሆንለት ሰው ከሰማይ ጋር ምን ጉዳይ አለው? ኩርፊያ በሉት፡፡ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወረድኳትም፡፡

ዘንድሮ መምህራችን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ሲያዙን ሳገላብጥ ያገኘሁት ሜሲዬን ነው፡፡

ሻርል ሜሲዬ ሰኔ 26 ቀን 1730 ሎሬን በሚባለው የፈረንሳይ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ባዶንቪሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፡፡ ከ12 ልጆች አሥረኛው ነው፤ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ስድስቱ ገና በልጅነታቸው ሞተዋል፡፡ 11 ዓመት ሲሞላው አባቱም ሞቱ፤ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው፡፡ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1744፣ ስድስት ጅራት ያወጣ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ሰማዩ ላይ ታየ፡፡ በ1748 ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ ከዚያው ከትውልድ ከተማው ተመለከተ፡፡ ልጁ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከሰማይ አላነሳም፡፡

በ1751 ሥራ ፍለጋ ፓሪስ ገባ፡፡ ዕድሜው 21 ነበር፣ ልክ የእኔ ዕድሜ ማለት ነው፡፡ የቀጠረው ዦዜፍ ኒኮላ ደሊል የተባለ የባሕር ኃይሉ የሥነ ፈለክ ሰው ነው፡፡ ታዲያ ለምን ቀጠረው ብትሉ፣ በእውቀቱ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምርና ትንሽ ሥዕል ስለሚሞክር ነው! የመጀመሪያ ሥራው ካርታ መገልበጥ ነበር፡፡ ደሊል ግን አንድ ጥብቅ ልማድ አስተማረው፡፡ ያየኸውን ነገር ቦታውን ለክተህ፣ ሰዓቱን ይዘህ፣ ሳትውል ሳታድር መዝግብ የሚል ልማድ ነው፡፡ የሜሲዬ የመጀመሪያው መዝገብ የተጻፈው ግንቦት 6 ቀን 1753 ሲሆን፣ ያኔ የመዘገበው ሜርኩሪ የምትባለው ፕላኔት እንደ ጥቁር ነጥብ ሆና በፀሐይ ፊት ስታልፍ ነው፡፡ ይችን ሜርኩሪ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን፡፡

የሚሠራበት ቦታ ክሉኒ የሚባል አሮጌ ሕንጻ ነው፡፡ እዚያ ጣሪያ ላይ ከእንጨት የተሠራች ጎጆ መሳይ ማማ ነበረች፤ በዙሪያዋ የከተማው ጭስና ጫጫታ አለ፡፡ ሜሲዬ ዕድሜውን የፈጀው እዚያች ማማ ላይ ነው፡፡ መሣሪያዎቹም ትንንሾች ነበሩ፡፡ ብዙ የተገለገለባቸው ቴሌስኮፖች የመስታወት ስፋታቸው 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ የእኔን በሁለት ጣት ብቻ ቢበልጧት ነው፡፡

እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ከመሞቱ በፊት አንድ ጅራታም ኮከብ በ1758 መጨረሻ ግድም ተመልሶ እንደሚመጣ አስልቶ ነበር፡፡ ደሊል የሚመጣበትን አቅጣጫ በካርታ ሠርቶ ለሜሲዬ ሰጠው፡፡ ሜሲዬ በካርታው መሠረት ብዙ ወራት ፈለገ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም፡፡ ለካ ካርታው ስህተት ኖሮታል! በመጨረሻ ጥር 21 ቀን 1759 ከካርታው ውጭ ሲያማትር አገኘው፡፡ አለቃው ግን ዜናውን እንዳያወጣ ከለከለው፡፡ ይፋ የሆነው ሚያዝያ 1 ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ የፓሪስ ሊቃውንት አላመኗቸውም፡፡ በዚህ መሀል ድሬዝደን አቅራቢያ የሚኖር ዮሐን ፓሊች የተባለ ገበሬ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1758 ላይ ቀድሞ እንዳየው ታወቀ፡፡ ዜና በአለቃ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ምን እንደሚሆን፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የምናገኝ አይመስለኝም፡፡

ሜሲዬን ለዘላለም ያስጠራው ነገር ግን ያ ኮከብ አይደለም፡፡ ነሐሴ 28 ቀን 1758 ሌላ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል፣ በሬ የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ጭጋግ የመሰለች ፈዛዛ ነገር አየ፡፡ ጅራታም ኮከብ መስላዋለች፡፡ ነገር ግን ጅራታም ኮከብ ከሌሊት ሌሊት ቦታ ይለውጣል፤ ይቺ አልተንቀሳቀሰችም፡፡ ዛሬ ምን እንደሆነች እናውቃለን፤ በ1054 ፈንድቶ የታየ ኮከብ ቅሪት ናት፡፡ ሜሲዬ ይህን አያውቅም፡፡ እሱ የፈለገው እሱም ሆነ ሌላው ሰው ዳግመኛ እንዳይሳሳት ነው፡፡ ስለዚህ ቦታዋን ለክቶ ቁጥር 1 ብሎ መዘገባት፡፡ ከዚያ 2፣ 3 እያለ ቀጠለ፤ በ1764 ብቻ እስከ 40 ደረሰ፡፡ በ1774 የታተመው የመጀመሪያው ዝርዝር 45፣ በ1781 የወጣው ደግሞ 103 ነገሮች ይዟል፡፡ ልብ በሉ፣ ዝርዝሩ የግኝት ሳይሆን ጅራታም ኮከብ ያልሆኑ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ የማረሚያ ገጽ በሉት፡፡

ሜሲዬ በሒሳብ ደካማ ነበር፡፡ ያገኛቸውን ጅራታም ኮከቦች ምህዋር የሚያሰላለት ቦሻር ደ ሳሮን የተባለ ዳኛና የሒሳብ ሰው የሆነ ወዳጁ ነው፡፡ በዚህም የተነሳ የተራ ተመልካች ያህል ይቆጥሩት ነበር፡፡ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1764 አባል ሲያደርገው፣ የገዛ አገሩ የሳይንስ አካዳሚ እስከ 1770 ድረስ በሩን ዘግቶበታል፡፡ ይህን ሳነብ ደብተሬን ከድኜ ትንሽ ተቀመጥኩ፡፡ ለካ ሰማይ ሒሳብ ለሚችሉት ብቻ የተሰጠ አልነበረም፡፡

ኑሮው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም፡፡ በ1770 አገባ፡፡ መጋቢት 1772 ወንድ ልጅ ተወለደለት፡፡ ልጁ በተወለደ በ8ኛው ቀን ሚስቱ ሞተች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሕፃኑም ተከተላት፡፡ ከዚያ በኋላ እንደገና ልጅ አልወለደም፡፡

ሁለተኛው መከራ የመጣው ያ 103ቱ ዝርዝር በወጣበት ዓመት ነው፡፡ ኅዳር 6 ቀን 1781 ከሳሮንና ከቤተሰቡ ጋር ፓሪስ ውስጥ አንድ መናፈሻ ይንሸራሸራሉ፡፡ ሜሲዬ ዋሻ የመሰለ በር አይቶ ገባ፡፡ ዋሻ ሳይሆን የበረዶ ማከማቻ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በብርዱ ወራት የተሰበሰበ በረዶ የሚቀመጥበት ጥልቅ ጉድጓድ ማለት ነው፡፡ 8 ሜትር ገደማ ቁልቁል በረዶው ላይ ወደቀ፡፡ ክንዱ፣ ጭኑ፣ የእጁ አንጓና ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰበሩ፡፡ 51 ዓመቱ ነበር፡፡ ከአንድ ዓመት በላይ ጣሪያው ላይ አልወጣም፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አነከሰ፡፡

እሱ በተኛበት ጊዜ ሰማዩ ባለቤት እየለወጠ ነበር፡፡ እንግሊዝ አገር የሚኖረው ዊሊያም ሄርሼል፣ ገና በመጋቢት 1781 ከቤቱ ጓሮ ሆኖ ዩራነስን አግኝቷል፡፡ የሜሲዬን ዝርዝር አይቶም በ1783 ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ትልቅ መስታወት ሰማዩን ማሰስ ጀመረ፡፡ እየቆየም 2,500 ያህል አዳዲስ ነገሮችን መዘገበ፡፡ አስቡት፣ 103 ነገሮችን ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶ የለቀመ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይለው ይሆን? ለእኔም ቢሆን ጥያቄው አዲስ አይደለም፡፡ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች ቆመው የእኔ 7 ሳንቲ ሜትር ምን ትፈይዳለች?

ሜሲዬ ግን ኅዳር 9 ቀን 1782 ያን የክሉኒ ደረጃ እያነከሰ ወጣ፡፡ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 12፣ ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት አለፈች፤ እሱም ቆሞ መዘገባት፡፡ ያዙልኝ ያልኳችሁ ሜርኩሪ ይቺ ናት፡፡ በ22 ዓመቱ የጀመረባትን በ52 ዓመቱ ተመልሶ ጀመረባት፡፡ ከሄርሼል ጋር አልተፎካከረም፤ በትንሿ ቴሌስኮፑ ወደ ጅራታም ኮከቦቹ ተመለሰ፡፡ በ1785፣ በ1788፣ በ1793ና በ1798 ሌሎች አገኘ፡፡ በዕድሜው ያገኛቸው በጠቅላላው 13 ያህል ናቸው፡፡

የ1793ቱ ታሪክ ያሳዝናል፡፡ አብዮቱ ፈንድቶ አካዳሚው ተዘግቷል፣ የሜሲዬ ደመወዝ ተቋርጧል፡፡ ለሌሊት ሥራው የሚሆን የመብራት ዘይት እንኳ ከባልደረባው ከላላንድ ይበደር ነበር፡፡ በዚያ ችግር ላይ ሆኖ በመስከረም አዲስ ጅራታም ኮከብ አገኘ፡፡ ሳሮን ታስሮ ነበር፤ እስር ቤት ተቀምጦ ምህዋሩን አሰላለት፡፡ ኮከቡ ከፀሐይ ጀርባ ዞሮ በተባለው ቦታ ብቅ ሲል፣ ሜሲዬ ስሌቱ ትክክል መሆኑን በድብቅ ወረቀት አስገባለት፡፡ ሳሮን ሚያዝያ 20 ቀን 1794 አንገቱ ተቆረጠ፡፡

ሰውየው እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም፡፡ በ1806 ናፖሊዮን ከሸለመው በኋላ፣ በ1808 አንድ ጽሑፍ አወጣ፡፡ ራሱ በነሐሴ 1769 ያገኘውን ጅራታም ኮከብ በዚያው ወር ከተወለደው ከናፖሊዮን ልደት ጋር አያይዞ አወደሰበት፡፡ ዕድሜውን ሙሉ ያየውን ብቻ የጻፈ ሰው በ78 ዓመቱ ለባለሥልጣን ኮከብ ቆጠረ፡፡ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይሄም ትምህርት ነው፡፡

በመጨረሻ ዓይኑ ደከመ፣ ሽባነትም አገኘው፡፡ ሚያዝያ 12 ቀን 1817 በ86 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ፡፡ ጅራታም ኮከቦቹን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፡፡ እንዳያሳስቱ ብሎ የለያቸው ግን ኋላ በማስታወሻዎቹ መሠረት ተጨምሮባቸው 110 ሆነዋል፡፡ በዓለም ዙሪያ ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው ሁሉ የሚጀምረው ከነሱ ነው፡፡ ቁጥራቸው እስካሁን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ ኤም 1፣ ኤም 31፣ ኤም 45 እየተባለ ይጠራል፡፡ እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ 110ሩም በየወቅታቸው ከሰማያችን ይወጣሉ፡፡ ኤም 7 ለሜሲዬ ከፓሪስ አድማስ ትንሽ ብቻ ከፍ ትል ነበር፤ ለእኛ ግን እስከ ሰማዩ እኩሌታ ትወጣለች፡፡

ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲገለጥ፣ ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ቴሌስኮፗን አወረድኳት፡፡ አቧራዋን ጠርጌ ግቢያችን ጥግ፣ የሕንጻው ጥላ መብራቱን በሚከልልበት ቦታ አቆምኳት፡፡ ጥበቃው ጋሼ ነገሩ ስላላማራቸው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ባንክ በበዛበት ሰፈር በሌሊት ቱቦ ደግኖ መቆም ያስጠረጥራል፣ አልፈርድባቸውም፡፡ ወደ ኤም 45 አነጣጥሬ እንዲያዩ ለቀቅኩላቸው፡፡ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰባቱ ከዋክብት የሚላቸው ናቸው፡፡ በዓይናቸው ስድስት ብቻ ቆጥረው ነበር፤ በመስታወቷ ሲያዩ 30 አልፈው ቁጥሩ ጠፋባቸውና ቀና ብለው ሳቁ፡፡

እኔም ሁለት ዓመት ባዶ የኖረውን ደብተር ገለጥኩ፡፡ ቀኑን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩልን፣ ሰንጋ ተራን፣ የታየውንና ከመብራቱ የተነሳ ያልታየውን ጻፍኩ፡፡ ሒሳብ አልጠየቀኝም፡፡ እናንተም በሆነ ምክንያት አኩርፋችሁ የሰቀላችሁት ነገር ካለ ዛሬ ማታ አውርዱት፤ ሰማዩ እንደሆነ አላኮረፈም፡፡ ቸር እንሰንብት፡፡