የክፍሉን ብርድ በደወል ያናገረው መምህር

ኤዲሰንን የማያውቅ ተማሪ የለም። ማርኮኒና ግርሃም ቤልም ቢሆኑ በየመማሪያ መጽሐፉ ተጠቅሰው ለፈተና ተሸምድደዋል። ዋረን ሲይሞር ጆንሰን የሚባለው አሜሪካዊ መምህር ግን በአገሩና በሙያው ሰዎች ዘንድ ስመ ጥር ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ የሚያነሳው የለም። ትልቅ ሆቴል አድሮ የሚያውቅ ሰው ግን ሳያውቀው ያውቀዋል። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን፣ ቁጥር የምታሳየውን ትንሽ ሳጥን ነክቶ ክፍሉን ያሞቀ ወይም ያቀዘቀዘ ሁሉ የዚህ ሰው ባለዕዳ ነው። ሳጥኗ ቴርሞስታት ትባላለች።

አንባቢ ሆይ፣ ማሞቂያ የሌለው አገር ሰው ስለ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ምን አገባው ብለህ እንዳትታዘበኝ። እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ ቦረና የተጓዘ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ አይነገረውም። በዚያ ደጋ ቤት የሚሞቀው በከብቱ ትንፋሽ፣ በባናውና በምድጃው ነው። ማታ ማታ እናቴ ፍሙን በአመድ ታዳፍነው ነበር። ማዳፈን እሳት ማጥፋት አይደለም፤ አየሩን አሳንሶ ቀስ እያለ እንዲያድር ማድረግ ነው። ካበዛችው ይጠፋና ሲነጋ ከጎረቤት እሳት መጫር ሊኖርባት ነው። ካሳነሰችው ደግሞ ነዶ ያልቃል፤ ኩበቱም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ሌሊት አንዴም ሁለቴም ትነሳለች። የቤታችን ቴርሞስታት እሷ ነበረች። ዋጋውን የከፈለችው በእንቅልፏና በጭስ በቀላ ዓይኗ ነው።

ጆንሰንም የተነሳው ከዚሁ ነው፤ በእሳት የተነሳ የሚመላለስ ሰው ከማየት።

ዋረን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ቨርሞንት በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ተወለደ። ያደገው ግን ወደ ምዕራብ ርቆ፣ ክረምቱ በረዶ በሆነው በዊስኮንሲን ነው። በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር። ማተሚያ ቤት ሠርቷል፤ መሬት ቀያሽ ሆኗል፤ አስተምሯል፤ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊም ሆኗል። በ1876፣ እኛ በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር በተዋጋንበት ዓመት መሆኑ ነው፣ ኋይትዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀጠረ። የእኛ አገር ሰው ቲቲአይ የሚለው ዓይነት ተቋም ነው።

ሕንጻው የሚሞቀው ከታች ምድር ቤት ባለ ምድጃ ነበር። ሙቀቱ ወደየክፍሉ የሚወጣበትን መተላለፊያ የሚከፍትና የሚዘጋ ክዳን አለ። ክዳኑን የሚያንቀሳቅሰው የትምህርት ቤቱ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ችግሩ ሰውየው ከታች ሆኖ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ደረጃውን ይወጣል፤ የየክፍሉን በር ይከፍታል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ያያል፤ ይወርዳል፤ ክዳኑን ያስተካክላል፤ እንደገና ይወጣል። ተማሪው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ ይመልሳል። መምህሩ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ይረሳል። ካስተማራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሌላ መምህር ቢሆን ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ጆንሰን ኤሌክትሪክ የሚወድ፣ ባትሪ እየሠራ የሚያመሽ ሰው ነውና ሌላ መንገድ ያዘ። የሁለት ብረቶች ልጥፍ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ልጥፉ ይጎብጣል። ጎብጦ የሽቦውን ጫፍ ሲነካ ከባትሪው የመጣው ኤሌክትሪክ ያልፍና ምድር ቤት ያለው ደወል ይጮኻል። ሠራተኛው ደወሉን ሰምቶ የዚያን ክፍል ክዳን ይዘጋል ወይም ይከፍታል። በቃ! ይህ ነው እንግዲህ። በሐምሌ 1883 የፓተንት ባለቤት ሆነ።

ልብ በሉ፤ መሣሪያው ምንም ነገር አላሞቀም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሰው ከሚበርደው ቦታ ተነስቶ እሳቱ ወዳለበት ቦታ ወሬ ማድረስ ነው።

የሕግ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። የጆንሰን ሥራ ውስጥ ፈጽሞ ያልታወቀ ዕቃ አንድም አልነበረም። ሁለት ብረት ማጣበቅን እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያውቀው ነበር። ቴርሞስታት የሚለውን ስም አንድሩ ዩር የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ኬሚስት በ1830ዎቹ አውጥቶታል። ከዚያም በፊት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ኮርኔሊስ ድሬበል የሚባል ሆላንዳዊ እንቁላል ለመፈልፈል ሙቀቱን ራሱ የሚያስተካክል ምድጃ ሠርቶ ነበር። ባትሪም ነበረ፤ ደወልም ነበረ። አዲሱ ነገር ማገናኘቱ ነው። በእኛም አገር የ1987ቱ የፈጠራ አዋጅ፣ ቁጥር 123፣ ከትልልቁ ፈጠራ ሌላ አነስተኛ ፈጠራ ለሚለው ጥበቃ ይሰጣል። አዋጁ ሲወጣ ብዙዎቻችን የፈጠራ ሕግ የሮኬት ሠሪዎች ጉዳይ ነው ብለን አልፈነው ነበር። ጆንሰን ግን ሮኬት አልሠራም፤ በሩን በየሰዓቱ እንዳይከፍቱበት ነው የፈለገው።

በ1885 ጣሊያን ምጽዋን ሲይዝ፣ ጆንሰን ደግሞ ማስተማሩን ትቶ ሚልዋኪ ገባ። ፕላንኪንተን የተባለ የከተማው ሀብታም ቤተሰብ ልጅ ገንዘብ አውጥቶለት ጆንሰን ኤሌክትሪክ ሰርቪስ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። የሚገርመው፣ ኤሌክትሪክ የሚል ስም የያዘው ኩባንያ እንጀራውን የበላው በአየር ነው። ያኔ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል በየሕንጻው አልነበረም። ባትሪ ደግሞ ይደክማል። ጆንሰን የታመቀ አየር በቀጫጭን ቧንቧ ወደየክፍሉ አስገባ። ያ የብረት ልጥፍ አሁን ደወል በመንካት ፋንታ የትንሿን የአየር ቀዳዳ አፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በዚህ የተነሳ የአየሩ ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል የእንፋሎቱ ቫልቭ በራሱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በ1895 አንድ ሕንጻ ውስጥ ያሉ ብዙ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሙቀት እንዲኖራቸው የሚያደርገውን ሥርዓት ፓተንት አወጣ።

እንግዲህ ያ ደረጃ የሚወጣ የሚወርደው ሠራተኛ ምን ሆነ? በመጀመሪያ ደወሉ ከመመላለስ አሳረፈው፤ ቀጥሎ የታመቀው አየር ከዚያ ሥራ ጨርሶ አስወጣው። ማሽን እንጀራ ነጠቀ የሚል ክርክር እኛም ዘንድ አለ፤ ክርክሩን አልንቀውም። ነገር ግን እናቴ ሌሊት ከመነሳት ብትገላገል ኖሮ ሥራዬን ተነጠቅኩ ብላ የምትከስ አይመስለኝም። ልዩነቱ ያለው ሠራተኛው ለመነሳቱ ደመወዝ ይከፈለው ስለነበር ነው።

ሰውየው አንድ ነገር ይዞ የሚያረጅ ዓይነት አልነበረም። ከሃምሳ በላይ ፓተንት አውጥቷል። በታመቀ አየር የሚሠሩ የማማ ሰዓቶችን ሠራ። የሚልዋኪ ማዘጋጃ ቤት ሰዓትና ከ1899 መባቻ ጀምሮ የቆጠረው የፊላደልፊያ ማዘጋጃ ቤት ሰዓት የእሱ ናቸው። በ1904 በሴንት ሉዊስ ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ስፋቱ ከ30 ሜትር በላይ የሆነ፣ ፊቱ በአበባ የተተከለ ሰዓት ሠርቶ ተመልካቹን ጉድ አሰኝቷል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የገመድ አልባው ነገር ነው። በ1900 አካባቢ ጆንሰን በሚልዋኪ የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ኩባንያ ነበረው። ኋላ በሬዲዮ ታሪክ ስሙ የገነነው ሊ ደ ፎረስት በወጣትነቱ እዚያ ተቀጥሮ ሠርቷል። ወጣቱ የራሱን የሞገድ መቀበያ ለኩባንያው አልሰጥም ብሎ ከጆንሰን ጋር ተለያዩ። የቴሌግራፉም ሥራ ከሰረ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ቴርሞስታትም ገመድ አልባም ነበሩ። በእሱ ዘመን ግን ሁለቱ አልተጋቡም።

ጋብቻውን ያየሁት ለንደን ነው። አንድ ክረምት የእህቴ ልጅ ዘንድ ሰነበትኩ። ቤቷ የቆየ ነው። ቴርሞስታቱ በሽቦ የታሰረው ኮሪደር ላይ፣ ከውጭ በሩ አጠገብ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ስለዚህ ማንም የማይቀመጥበት ኮሪደር ስለበረደው ቦይለሩ ይነዳል፤ እኛ ሳሎን ውስጥ በላብ እንጠመቃለን። በሌላ ቀን ደግሞ ኮሪደሩ ይሞቅና ሳሎኑ ይበርዳል፤ ያኔ ጋቢዬን እደርባለሁ። ባለሙያ መጣና ሽቦውን ነቀለው። ቦይለሩ አጠገብ አንዲት ተቀባይ ሳጥን ገጠመ። ባትሪ የሚጎርሰውን አዲሱን ቴርሞስታት ደግሞ እንደ ሬዲዮ አንስተን ሰው ካለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ክፍሉ ሲበርድ በሬዲዮ ሞገድ ለተቀባዩ ይነግረዋል፤ ተቀባዩ ቦይለሩን ያስነሳዋል። ለሌሊቱ ዝቅ፣ ለንጋቱ ከፍ እንዲል ሰዓቱን ሞላንለት። የጋዝ ሒሳብ የሚያሳስበው ሰው ትልቁን ነገር እዚያ ላይ ያገኘዋል።

ለባለሙያው ብዙ ጥያቄ አቀረብኩለት፤ የሕግ ሰው ሲጠይቅ መች ያበቃል። ባትሪው ቢያልቅስ? ወሬው የተቋረጠበት ተቀባይ እንደ አሠራሩ ወይ ቦይለሩን ያጠፋዋል፣ ወይም በመጠኑ እየለኮሰና እያጠፋ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ሲገዙ መጠየቅ ነው። ከሳጥኑ ሌላ በስልክም ማዘዝ ይቻላልና የስልኩ ይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? ይህን ሲሰማ ሳቀ። እኔ ግን የቤት ኪራይ ክርክር ነበር የታየኝ። ሽቦ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ያዝበታል። ሽቦው ከተነቀለ በኋላ አከራይ ሌላ ከተማ ሆኖ የተከራዩን ሙቀት ከፍ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ የተለያየ ባልም የሚስቱን። ውል ሲፈረም ይህን አንድ አንቀጽ ማስገባት ነው።

ወደ ጆንሰን ልመለስ። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ በአውቶሞቢል ተማረከ። በእንፋሎት፣ ኋላም በቤንዚን የሚሄዱ ተሽከርካሪዎችን አሠራ፤ ፖስታም በመኪናዎቹ ተመላልሷል። ባልደረቦቹ በዚህ ነገር አልተደሰቱም ቢባል አይፈረድባቸውም፤ ገንዘብ የሚያስገባው ቴርሞስታቱ፣ የሚያስወጣው ግን መኪናው ነበር። በታኅሣሥ 1911 በካሊፎርኒያ አረፈ። እኛ ዘንድ ምኒልክ አልጋ ላይ ናቸው፤ የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ ሥልጣን እየጨበጠ ነው። ተተኪዎቹ ወዲያው መኪናውንም ሰዓቱንም ትተው ሙቀት መቆጣጠሩን ብቻ ያዙ። ኩባንያው ዛሬም አለ፤ በ1974 ጆንሰን ኮንትሮልስ ተባለ፤ በ2016 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ሕጋዊ መኖሪያውን ወደ አየርላንድ አዛወረ። ምክንያቱ ብርድ እንዳይመስላችሁ፤ ታክስ ነው።

የዊስኮንሲኑ ደወል ግን ወደ አገራችን ይመልሰኛል። በክረምት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የሚተኛ ቤተሰብ ደወል የለውም። የከሰሉ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ማንቂያው ሳጥን በሌሎች አገሮች ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ይጮኻል፤ እኛ ዘንድ ግን ያለን ብቸኛ መከላከያ ማንደጃውን ደጅ አውጥቶ መተኛት ነው። በየጤና ጣቢያው ያለው የክትባት ፍሪጅም አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ እንደ ቲታነስ ያሉት ክትባቶች ግን በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ፤ የደጋ ሌሊት ደግሞ ለብርድ አያንስም። ስለዚህ የጤና ባለሙያዋ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ፣ ቴርሞሜትሩን አይታ ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ አለባት። የኋይትዋተሩ ሠራተኛ ማለት እሷ ናት።

አሁን ከፍሪጁ ጋር ተገጥመው ልኬቱ ከወሰኑ ሲወጣ በሲም ካርድ መልእክት የሚልኩ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። መሣሪያው እስኪደርሰን ድረስ፣ ከደረሰንም በኋላ፣ እሁድ ሌሊት መልእክቱ ሲመጣ የጤና ጣቢያው ቁልፍ ማን ጋር እንደሆነ በሩ ላይ ጽፎ መለጠፍ አንድ ወረቀትና ትንሽ ሙጫ ነው የሚጠይቀው።