የሁሩሙው ልጅ ኦነሲሞስ ነሲብ

ከመቱ ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው ሁሩሙን አቋርጦ ያልፋል። አካባቢው በቡናው፣ በማሩና በደኑ የታወቀ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን ከዚህ ምድር ቡናና ማር ብቻ ሳይሆን ሰውም ለሽያጭ ይወጣ ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን ከእናታቸው ቤት ተነጥቀው ከተሸጡት ልጆች አንዱ፣ ኋላ የሕዝባቸው ትልቅ ባለውለታ ለመሆን በቅተዋል። እኚህ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በሁሩሙ አጠገብ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። በአፋን ኦሮሞ ይህ ስም የታሰረን ከመፍታትም፣ ቃልን ከመተርጎምም ጋር የተያያዘ ነው። ሕፃኑ ገና በአራት ዓመቱ አባቱን በሞት አጣ። እ.ኤ.አ. በ1869 ደግሞ የባሪያ ነጋዴዎች ይዘው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ከአገሩ እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳር ምፅዋ ደረሰ።

በምፅዋ ይኖር የነበረ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1870 ልጁን ነፃ አወጣው። በከተማዋ አጠገብ እምኩሉ በተባለ ስፍራ ወደሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትም እንዲገባ አደረገው። ሙንዚንገር ኋላ ለግብፅ መንግሥት አድሮ፣ ጦር እየመራ ሲዘምት እ.ኤ.አ. በ1875 በአውሳ ተገድሏል። ለአንድ ልጅ የዋለው ውለታ ግን ከእርሱ ዕድሜ አልፎ ብዙ ፍሬ አፍርቷል።

ልጁ ትምህርቱን በትጋት ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ጌታው በምሕረት እንዲቀበለው የለመነለት የአንድ ባሪያ ስም ነው። ከዚያም ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩ። ተምረው ሲመለሱ ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ያወቁትን ይዘው ወደ ወገኖቻቸው መግባት።

መንገዱ ግን አልቀና አላቸው። በመጀመሪያው ጉዞ በሱዳን በኩል ዞረው እስከ አሶሳ ቢደርሱም ማለፍ ሳይችሉ ቀሩ። በመልሱ ጉዞ በንዳድ ታመው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1882 ካርቱም ገቡ። በሁለተኛው ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ እንጦጦ ከደረሱ በኋላ እንዲመለሱ ታዘዙ። በእግራቸው አገራቸው መግባት ሲሳናቸው በብዕር ለመግባት ተነሡ። መጽሐፍ ቅዱስንና ሌሎች መጻሕፍትን ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለነበረ የእናታቸው ቋንቋ በአፋቸው ሙሉ አልነበረም። ስዊድን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ይህን ማመን ሊያሳፍረው ይችል ነበር። ኦነሲሞስ ግን የጎደላቸውን አልደበቁም፤ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። የተገኘችውም አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ነበረች።

አስቴርም የዚያው መከራ ልጅ ናት። ነፃ ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ለባርነት ተዳረገች። እ.ኤ.አ. በ1886 በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ይዘው አስለቀቋት፤ እምኩሉም ገብታ ተማረች። ቋንቋዋን አጥርታ የምታውቅ፣ የሰማችውን የማትረሳ ነበረች። የአፋን ኦሮሞ ቃላትን ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችንም ጻፈች።

በሁለቱ ድካም አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ። በማግሥቱ ዓመት አስቴር ከሰበሰበችው ብዙውን የያዘ የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ወጣ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ በተርጓሚነት የሠፈረው ግን የኦነሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ድርሻ ለረጅም ዘመን የሚገባውን ያህል ሳይነገር ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1904 ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። የነቀምቱ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ማስተማር ጀመሩ፤ አስቴርም በነቀምት መምህርት ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ኦነሲሞስ በሃይማኖት ጉዳይ ተከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ከአካባቢው እንዲባረሩ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ስብከት ትተው ነቀምት እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1916 እምነታቸውን እንዲያስተምሩ እስኪፈቅዱ ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል ትምህርት ቤታቸውን ይዘው በትዕግሥት ኖሩ። አባ ገመቺስ በሚል ስምም የሚታወቁት እኚህ መምህር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምት አረፉ። አስቴርም እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ኖረዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። የኦነሲሞስ ሕይወት ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ትልቁ ሥራ የተሠራው አንዱ የጎደለውን አምኖ ሌላውን ስለጠየቀ፣ ሌላውም ያለውን ሳይሰስት ስለሰጠ ነው። ቡናውን ባልና ሚስት አብረው ለቅመው፣ አድርቀውና አበጥረው፣ በመዝገብ ላይ የአንዱ ስም ብቻ ሲሰፍር ላየ ሰው ደግሞ የአስቴር ታሪክ ሩቅ አይሆንበትም። የሁሩሙው ልጅ ስም በተነሣ ቁጥር የአስቴር ጋኖ ስምም አብሮ ሊነሣ ይገባል።