እስክንድር ቦጎሲያን

እስክንድር ቦጎሲያን (ሐምሌ 15 ቀን 1929 – ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም.) በዘመናዊ የኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ከታወቁት ሠዓሊያንና መምህራን አንዱ ነበር። በውጭ አገር ስኩንደር በሚል ስም ይታወቃል።

ሕይወትና ትምህርት

የተወለደው በአዲስ አበባ ነው። አባቱ የአርመን ዝርያ ያላቸው የክብር ዘበኛ ኮሎኔል ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 በመንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በዓመቱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን አገኘ።

ክታብ፣ ካርቶንና የልጥ ጨርቅ

እስክንድር ብዙ ነገር የወሰደው ከክታብ ነው። ክታብ የሚሠራ ደብተራ ብራናውን በጠባቡ ይቆርጣል፤ ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ በጠፍር ይሰፋል፤ ርዝመቱን ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ያስተካክላል። ጸሎቱን ጽፎ፣ በመካከሉ ዓይኑ የፈጠጠ ጠልሰም ሥሎ፣ ጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይከተዋል። ስፌቱ፣ ሥዕሉና ጥቅሉ አንድ ሥራ ናቸው ማለት ነው። ይሁንና እስክንድርን የጠልሰም ገልባጭ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ዓይኖቹንና ምልክቶቹን ከፓሪስ ሱሪያሊዝምና ከምዕራብ አፍሪካ ጥበብ ጋር አዋህዷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረትማ ቀለም የተሠራ ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1965 ገዝቶታል። በኋላ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ መሥራት ጀመረ። ይህ ጨርቅ አይፈተልም፣ አይሸመንም፤ በኡጋንዳ ሙቱባ ከሚባል የሾላ ዘመድ ዛፍ ውስጠኛው ልጥ ተገፎ፣ በእንጨት መዶሻ እየተቀጠቀጠ ይሰፋል። በ1981 በሠራው «የጊዜ ዑደት 3» ቅርጾቹ በቀለም ብቻ አይታዩም፤ ከራሱ ከልጡ ጎበጥ ብለው ይወጣሉ።

መምህርነት

በአዲስ አበባ ካስተማራቸው አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ሲሆን፣ እሱም በሸማኔ ዕቃ የቀርከሃ ስንጥቆች ላይ በመሣል ይታወቃል። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ከ1972 እስከ 2001 በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ወሰነ ወርቄ ኮስሮፍና ከበደች ተክለአብ ከዚያ ወጥተዋል። ከከበደች ጋር በ2001 በዋሽንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ አንድ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ ሠርተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ዐረፈ።